በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የምረቃ በዓል ላይ የዕለቱን መልእክት ማን ያስተላልፍ?

የመነሻ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለዚህ ሳምንት ክርክር ያቀረብኩት ጥያቄ በአገራችን ያሉትን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ፣ የተቋምም ሆነ የባለሥልጣን ስም ሳናነሣ ጉዳዩን ራሱን እንድንመረምር እለምናለሁ። መነሻ የሆነኝ በቅርቡ የተገኘሁበት የአንድ ሴሚናሪ፣ ማለትም የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት፣ የምረቃ በዓል ነው። የክብር እንግዳውና የዕለቱ ዋና ተናጋሪ አንድ ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። እንግዳው እስኪደርሱ ድረስ መርሐ ግብሩ ዘገየ፤ ከደረሱም በኋላ ጊዜው ስላጠረ የምሩቃኑ ተወካይ ያዘጋጀው ንግግር ቀረ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ሊሰጡት የነበረው የአደራ ቃልም በአጭር ጸሎት ተተካ። ባለሥልጣኑ ክፉ ነገር አልተናገሩም። ስለ ሰላም፣ ስለ አብሮነትና ስለ አገር ግንባታ ያነሡት ሁሉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ንግግሩ አንድ ቃል ሳይለወጥ በየትኛውም የሙያ ማሠልጠኛ ምረቃ ላይ ሊነበብ የሚችል ነበር። ማታ በተላለፈው ዜና ደግሞ እንግዳው ያሳሰቡት ነገር በስፋት ሲዘገብ፣ ምሩቃኑ በዜናው መጨረሻ ላይ በቁጥር ብቻ ተጠቀሱ።

አቋሜን ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። ባለሥልጣን አይጋበዝ አልልም። በክብር ይቀበሉት፣ በፊተኛው ረድፍ ያስቀምጡት፣ ሰላምታም ያቅርብ። የዕለቱን መልእክት ግን በምሩቃኑ ላይ መንፈሳዊ ኃላፊነት ያለበት፣ ስለሚናገረውም ቃል በቤተ ክርስቲያን ፊት የሚጠየቅ ሰው ብቻ ሊያስተላልፍ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴም ይህ ነው። አንድ ደቀ መዝሙር ለዓመታት ቃሉን ሲያጠና ቆይቶ ወደ ምእመናን ከመውጣቱ በፊት የሚሰማው የመጨረሻ ትምህርት በምረቃው ቀን የሚነገረው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሚሊጢን የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት የተናገረውን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ላይ ስናነብ፣ የስንብት ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው እንረዳለን፤ መንጋውን እንዲጠብቁ፣ ከመካከላቸው ጠማማ ነገር የሚናገሩ እንደሚነሡ፣ እርሱም ከማንም ብርና ወርቅ እንዳልተመኘ በእንባ ነገራቸው። እንዲህ ያለውን አደራ ሊሰጥ የሚችለው አብሯቸው የኖረና አገልግሎቱን የሚያውቅ ሰው ነው።

የሕግ ባለሙያ፦

ክርክሩ ወደ ሕግ ከማምራቱ በፊት ሕጉ ምን እንደሚል በትክክል ብናስቀምጠው ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 እየጠቀሰ የማይለውን ሲያስብለው እሰማለሁና። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገቡ ይደነግጋል። አንድ ባለሥልጣን በሴሚናሪ ምረቃ ላይ ተጋብዞ ቢናገር ይህን ድንጋጌ ጥሷል ለማለት አይቻልም። ግብዣ ጣልቃ ገብነት አይደለም። ከዚህም ሌላ አንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርትና የአስተዳደር ተቋማትን የማቋቋም መብት እንዳላቸው ስለሚገልጽ፣ በምረቃው ማን ይናገር የሚለውን የመወሰን ሥልጣን ሙሉ በሙሉ የተቋሙ ነው።

ሆኖም የሕጉ መንፈስ የሚጠይቀን አንድ ነገር አለ፤ ግብዣው በእርግጥ በነጻነት የተደረገ ነው ወይ? ተቋሙ የመሬት ይዞታ ጉዳይ በአንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ እያለው የዚያን ቢሮ ኃላፊ ዋና ተናጋሪ አድርጎ ቢጋብዝ፣ ወይም የሚጋበዘው ሰው ስም ከውጭ ተነግሮት እምቢ ለማለት ቢፈራ፣ ወረቀቱ ላይ ግብዣ የሚል ይጻፍ እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ሕግ ይህን መለካት አይችልም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ኅሊናና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መልሼዋለሁ፤ በአንቀጽ 11 ግን አትከራከሩ።

መጋቢ፣ ከአዲስ አበባ፦

ወንድማችን ያነሡትን ሐሳብ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ከታሪካችን ጋር አልተገናዘበም የሚል ቅሬታ አለኝ። እኛ የወንጌል አማኞች በዚህች አገር እንደ ዜጋ ለመቆጠር የከፈልነው ዋጋ ቀላል አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ ዕውቅና ጠይቃ ተከልክላ፣ አባሎቿም ታስረዋል። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቶች ተዘግተውና ተወርሰው፣ ምእመናን በየመኖሪያ ቤቱ መጋረጃ ዘግተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። ያን ዘመን ያሳለፉ አባቶችና እናቶች ዛሬ የመንግሥት ባለሥልጣን በግልጽ አደባባይ መጥቶ ‹‹የእናንተ አገልግሎት ለአገር ያስፈልጋል›› ሲል ሲሰሙ የሚያለቅሱት ሥልጣንን ስለሚወዱ አይደለም። እግዚአብሔር ያደረገላቸውን ስለሚያስቡ ነው።

መጽሐፍም ክብር ለሚገባው ክብርን ስጡ ይላል። ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት እንድንጸልይ የታዘዝን ሕዝብ፣ የምንጸልይላቸው ሰዎች በቤታችን ቆመው ሲናገሩ መታገሥ እንዴት ያቅተናል? በተግባርም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ቦታ ትፈልጋለች፣ የጸሎት ቤት መሥሪያ ትፈልጋለች፣ የተማሪዎቿ የትምህርት ማስረጃ በመሥሪያ ቤቶች እንዲታወቅላት ትፈልጋለች። ባለሥልጣኑ ተገኝቶ የተቋሙን ሥራ በዓይኑ ማየቱ ለእነዚህ ሁሉ በር ይከፍታል። ይህን ማሰብ ጥበብ እንጂ መሸጥ አይደለም። የምሩቁ ንግግር መቅረቱ ግን እኔንም አሳዝኖኛል፤ ያ የመድረክ አመራር ጉድለት ነው፣ በእንግዳው መጋበዝ ሊሳበብ አይገባም።

የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ፦

እኔ ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወገን ነኝ፤ በዚህ ቡድን ውስጥ በቁጥር ጥቂቶች ብንሆንም ጉዳዩ የእኛም ስለሆነ የማውቀውን ላካፍል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያናችን ጥንታዊ ትምህርት ቤቶች፣ አንድ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን የሚፈጽመው በማስመስከር ነው። ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ የተማረው ጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ይወርዳል፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትን የዜማ ትምህርቶች የተማረው ወደ ዙር አባ ይሄዳል፣ አቋቋም (በጽናጽልና በከበሮ የሚቀርበውን ዝማሬ) የተማረው ጎንደር በአታ ይደርሳል። እዚያም ከምስክር መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ሲማር የኖረውን እንደ ገና ያሰማል፣ ይታረማል፣ ይጸናል፤ መምህሩ ‹‹በቃህ፣ ሂድና አስተምር›› ሲሉት ወንበር ለመትከል፣ ማለትም ራሱ መምህር ሆኖ ለማስተማር፣ ይበቃል። በዚህ ሂደት ውስጥ መኳንንት የሚናገሩበት ቦታ የለም። ነገሥታቱ ቅኔ ይወዱ ነበር፣ ለአድባራቱና ለሊቃውንቱም ርስትና ሲሳይ ይሰጡ ነበር፤ ደቀ መዝሙሩ ለማስተማር መብቃቱን የሚመሰክረው ግን መምህሩ ብቻ ነበር። የምስክሩ ክብደትም የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሊቅ ሊቅን መረመረ፣ ሌላ ማንም አልገባበትም።

በዘመናዊ ኮሌጆቻችን ምረቃ ላይ ደግሞ የመንግሥት እንግዶች ሲገኙ አይቻለሁ፤ ንግግርም ያደርጋሉ። ነገር ግን በእኛ ሥርዓት ቅዱስ ፓትርያርኩ ወይም የተገኙት ሊቀ ጳጳስ ቃለ ምዕዳን (የምክር ቃል) ይሰጣሉ፣ ይባርካሉ፣ ያሰናብታሉ። ከእርሳቸው በኋላ የሚናገር የለም። እንግዳው የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን ምሩቃኑ በጆሯቸው ይዘውት የሚወጡት የአባቶችን ቃል ነው። ስለዚህ የመነሻ ጸሐፊው ጥያቄ ግማሹ በቅደም ተከተል ሊፈታ የሚችል ይመስለኛል።

ግማሹ ግን አይፈታም፤ ይህንንም መሸሸግ አልፈልግም። ካባ የለበሰ ሁሉ በነጻነት ይናገራል ማለት አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያናችንን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ይፋዊ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ፣ በመንግሥትም እንድትደገፍ ወስኖ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ስም በአገልግሎት ሁሉ እንዲነሣ አዝዞ ነበር። ያ ክብር በወቅቱ ለብዙዎች ታላቅ በረከት መስሎ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ግን ቤተ ክርስቲያን ከዙፋኑ ጋር ተቆጥራ መሬቷን አጣች፤ ፓትርያርኳ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተወግደው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። መጋቢ ሆይ፣ እናንተ ዛሬ በደስታ የምትቀበሉትን ክብር እኛ ለብዙ ዘመን ይዘነው ነበርና፣ ዋጋውን ከእኛ ብትጠይቁ መልካም ነው።

መጋቢ፣ ከአዲስ አበባ፦

ወንድሜ፣ ይህን በፍቅር እንደ ተናገሩ ስለማውቅ በፍቅር ተቀብዬዋለሁ። አንድ ልዩነት ግን ላሳይ። እርስዎ የጠቀሱት በሕግ የተደነገገ ትስስር ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ አንድ ቀን ግብዣ ነው። የአንድ ቀን ግብዣ ቤተ ክርስቲያንን ከዙፋን ጋር አያጋባትም።

የነገረ መለኮት መምህርት፦

የአንድ ቀን ግብዣ የአንድ ቀን ብቻ ሆኖ ቢቀር ከመጋቢ ጋር እስማማ ነበር። ለብዙ ዓመታት በማስተማር ሥራ ላይ እንደቆየሁ መምህርት የማየው ግን የክብር እንግዳው ማንነት ተማሪዎች ስለ አገልግሎት ያላቸውን አስተሳሰብ እንደሚቀርጽ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስለ መስቀሉ መንገድ እናስተምራቸዋለን፤ ከዚያም በመጨረሻው ቀን ማን እንደሚከበር በዓይናቸው እናሳያቸዋለን። ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ የወርቅ ቀለበት አድርጎ ያማረ ልብስ ለብሶ ለገባው ሰው መልካሙን ስፍራ ስትሰጡ፣ ድሀውን ግን ወዲያ ቁም ስትሉት በራሳችሁ መለያየት አይሆንምን ብሎ የጠየቀው ስለ ጉባኤ አቀማመጥ ነው። የምረቃ አዳራሻችንም አቀማመጥ አለው። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ ገበሬ አባት ከጥበቃ ሠራተኞች ጀርባ ቆሞ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ተመልክቻለሁ፤ ይህን የያዕቆብን ክፍል ባስተማርኩ ቁጥር ያ ሰው ይታወሰኛል።

ሁላችሁም ስለ ባለሥልጣን ስትከራከሩ ሌላውን እንግዳ ረስታችሁታል። በአብዛኞቹ ሴሚናሪዎች መድረኩን የሚይዘው ባለሥልጣን አይደለም፤ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ተወካይ ወይም ሕንፃ ያሠራው ባለሀብት ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የላከችው ታዋቂ ደብዳቤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያስተምረን አለው። ደብዳቤው በውጭ ያሉ ለጋሾች ለልማት ሥራ ገንዘብ ለመስጠት ሲዘጋጁ ለወንጌል አገልግሎትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን ወደ ኋላ ማለታቸውን አንሥቶ፣ ሰውን በሥጋውም በመንፈሱም ሙሉ አድርጎ የሚያይ ሚዛን እንዲኖር ጠየቀ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ያኔ ገንዘቡን አልናቀችም፣ ለጋሾቹንም አልሰደበችም። ገንዘብ የሚሰጠው ወገን የአገልግሎቱን ትርጉም ብቻውን መወሰን እንደሌለበት ግን በአደባባይ ተናገረች። በምረቃ ቀን ለለጋሹ ምስጋና መስጠትና ለለጋሹ የስብከት ወንበር መስጠት የተለያዩ ነገሮች የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ክብርና መድረክ የመለየት ጉዳይ በውጭ አገር የደረሰ አንድ ክርክር በሚገባ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የሚገኘው የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ሴሚናሪ ለኒው ዮርኩ መጋቢ ቲሞቲ ኬለር በኔዘርላንዳዊው የነገረ መለኮት ሊቅ በአብርሃም ካይፐር ስም የሚሰጥ ሽልማት ሊያበረክትላቸው ወስኖ ነበር። የሴቶችን ክህነት በተመለከተ ያላቸው አቋም የሴሚናሪውን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለሚቃረን ተቃውሞ ተነሣ። ሴሚናሪው ሽልማቱን አስቀረ፣ ንግግሩን ግን አልከለከለም፤ ሰውየውም መጥተው ተናገሩ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም በሚለው ላይ ሰዎች ዛሬም ይለያያሉ። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ተቋሙ ‹‹እናዳምጥዎታለን›› ማለትንና ‹‹እናከብርዎታለን›› ማለትን ለይቶ ማየቱን ነው። የእኛ አገር ችግር ግልባጩ ነው፤ ልናከብረው የሚገባንን ሰው ሁሉ ማስተማር ያለበት አድርገን እንወስደዋለን።

የዘንድሮ ምሩቅ፦

በዚህ ቡድን ውስጥ ካሉት በዕድሜም በአገልግሎትም ታናሻችሁ ነኝ፤ ሆኖም በዚህ ዓመት ከተመረቁት አንዱ ስለሆንኩ እንድናገር ፍቀዱልኝ። እስካሁን በተባለው ውስጥ ምሩቃኑ የሚታዩት ቃል የሚነገርላቸው ሆነው ብቻ ነው። ‹‹ማን ይናገርላችሁ?›› ብሎ የጠየቀን የለም። ተቋሙ የመረጠውን ተናጋሪ ስም ያወቅነው በታተመው የመርሐ ግብር ወረቀት ላይ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ተናጋሪው የግድ ከቤተ ክርስቲያን መሪዎች መካከል ይሁን በሚለው አልስማማም። የምንሄደው ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ማረሚያ ቤት፣ በጦርነት ወደ ተጎዳ መንደር፣ ሥራ ወዳጣ ወጣት ዘንድ ነው። አንድ አማኝ ሐኪም ወይም ዳኛ ከአገልጋይ ምን እንደሚጠብቅ ቢነግረን ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅመን ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 1838 በአሜሪካ በሃርቫርድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ጸሐፊውን ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰንን የጋበዙት ተመራቂዎቹ ራሳቸው ነበሩ። እርሱ ከስድስት ዓመት በፊት የመጋቢነት አገልግሎቱን ትቶ የወጣ ሰው ነበር። በንግግሩም የዘመኑን ስብከት ሕይወት የሌለው ነው ብሎ በብርቱ ነቀፈ። መምህራኑ ተቆጡ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለሠላሳ ዓመት ያህል ለንግግር አልጋበዘውም። ነገር ግን ያ ንግግር ዛሬም ይነበባል፤ በዚያው ዓመት በሌሎች ትምህርት ቤቶች የተነገሩትን ለስላሳ ንግግሮች የሚያስታውስ ማን አለ? እኔ የምፈራው ከውጭ የመጣ ተናጋሪን አይደለም። ምንም የማይናገር ተናጋሪን ነው።

የመነሻ ጸሐፊ፦

ወንድሜ፣ ምሩቃን ሊጠየቁ ይገባል ያልከው ትክክል ነው፤ እኔም በጥያቄዬ ውስጥ እንዲካተት እፈልጋለሁ። ስለ ኤመርሰን ያነሣኸው ግን የእኔን ክርክር የሚያጠናክር ይመስለኛል። ያ ሰው በዚያ ቀን የኢየሱስን ማንነት ቤተ ክርስቲያን አጋንናለች፣ ስለ ተአምራትም የምታስተምረው ስሕተት ነው ብሎ ሊሰብኩ ለሚወጡ ወጣቶች ነገራቸው። ንግግሩ ሲታወስ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ምእመናን ለሚወጣ አገልጋይ አደራ መሆን መቻሉ ሌላ ነገር ነው። እርሱ ለተናገረው ቃል በማንም ፊት መልስ መስጠት አላስፈለገውም፤ ተናግሮ ሄደ። በየአጥቢያው ለምእመናን መልስ መስጠት የነበረባቸው የሰሙት ወጣቶች ናቸው። የሚጠየቅ ሰው ይናገር ስል ይህን ማለቴ ነው። ሐኪሙና ዳኛው ግን የቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸውና፣ ማኅበረ ምእመናኑ የሚያውቃቸው እስከሆነ ድረስ እነርሱን አላገልም።

ለመጋቢ የምመልሰው ረዘም ይላል። ባለሥልጣንና የወንጌል አገልጋይ በአንድ አዳራሽ ሲገናኙ የሚናገረው ማን ነው? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 25 እና 26 ላይ ንጉሥ አግሪጳ በብዙ ክብር ወደ ፍርድ አዳራሽ ገብቶ ተቀምጧል፣ አለቆችና የከተማው ታላላቆች አብረውት አሉ፤ የሚናገረው ግን የታሰረው ጳውሎስ ነው። ጳውሎስ ንጉሡን አላቃለለም፣ በአክብሮት ‹‹ንጉሥ አግሪጳ ሆይ›› እያለ ነው የተናገረው። ክብሩ ለንጉሡ ተሰጥቷል፣ ቃሉ ግን ከሐዋርያው አልተወሰደም። እኛ ይህን ገልብጠን ባለሥልጣኑ ለአገልጋዮች የሚሰብክበትን፣ አገልጋዮቹ ደግሞ የሚያጨበጭቡበትን መድረክ ሠርተናል። በመጽሐፍ ቅዱስ ቤተ መቅደስ የንጉሥ ንብረት ሆኖ ሲቆጠር ምን እንደሚሆንም እናውቃለን፤ በቤቴል የነበረው ካህን አሜስያስ ነቢዩ አሞጽን ያባረረው ስፍራው የንጉሡ መቅደስ ስለሆነ በዚህ ትንቢት አትናገር ብሎ ነው። ልብ በሉ፣ ይህን ትእዛዝ የተናገረው ካህኑ ነው። ንጉሡ በአፉ ‹‹ዝም በል›› እንዲል እንኳን አላስፈለገም።

እኅታችን ያነሡትን ደብዳቤ መካነ ኢየሱስ ስትጽፍ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ ምእመናንን ትቼ አልሄድም ብለው ቀርተው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታፍነው ተገድለዋል። የት እንደ ተቀበሩም ለዓመታት አልታወቀም። ከዚያ በፊት በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው ፋሺስት መንግሥት አልገዛም፣ ሕዝቡም እንዳይገዛ ብለው በአደባባይ ተረሽነዋል። እነዚህ ሁለት አገልጋዮች ከተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ በመጨረሻው ሰዓት ‹‹አይሆንም›› ለማለት የበቁት ግን ቃላቸውን ለማንም አስቀድመው ያላስያዙ በመሆናቸው ነው። በምረቃቸው ቀን ከሥልጣን አፍ አደራ ተቀብለው የወጡ ወጣቶች፣ በክፉ ቀን ያንኑ ሥልጣን ‹‹ተሳስተሃል›› ለማለት አንደበታቸው ይያዝብኛል ብዬ እፈራለሁ። ዛሬ ያሉት ባለሥልጣን ደግ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ወንበሩ ግን ነገ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፣ የተለመደው ሥርዓትም ለሚመጣው ሁሉ ያገለግላል።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፦

እኔ በአንድ ሴሚናሪ ቦርድ ውስጥ ያገለገልኩ ሰው ነኝና ማንም ያላነሣውን ነገር ልናገር። አንድን ባለሥልጣን አንድ ጊዜ ጋብዞ በሚቀጥለው ዓመት አለመጋበዝ በጣም አስቸጋሪ ነው። አለመጋበዙ ራሱ መልእክት ተደርጎ ይተረጎማል፤ ‹‹ምን ቅር አሰኘናችሁ?›› የሚል ስልክ ይመጣል። መጋቢ የአንድ ቀን ግብዣ ያሉት ለዚህ ነው ያላሳመነኝ። ደግሞም ምእመናኖቻችን በፖለቲካ አመለካከት የተለያዩ ናቸው፤ ከአንድ አካባቢ የመጣ ቤተሰብ በደስታ የሚያጨበጭብለትን ባለሥልጣን፣ ከሌላ አካባቢ የመጣው ቤተሰብ በልቡ ቁስል ይዞ ያዳምጠዋል። የልጁ ምረቃ ስለሆነ ተነሥቶ አይወጣም። ያን ቤተሰብ በዚያ ቀን ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም። መፍትሔው ከቦርዱ የሚወጣ ቋሚ መመሪያ ነው፤ መመሪያ ሲኖር ዲኑ ‹‹ሥርዓታችን አይፈቅድም›› ብሎ ማንንም ሳያስቀይም ሊመልስ ይችላል። መመሪያ ከሌለ ግን ጫናው ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የነገረ መለኮት መምህርት፦

የሽማግሌው ሐሳብ ወደ ተግባር ያቀርበናል። በመመሪያው ላይ ተናጋሪው የሚመረጠው በመምህራን ጉባኤና በተመራቂዎች ተወካዮች በጋራ እንዲሆን ቢጻፍ የወጣቱ ቅሬታም መልስ ያገኛል። እኔ በበኩሌ ከምንመርጣቸው መካከል በገጠር አጥቢያ ያለ በቂ ደመወዝ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ አንድ ወንጌላዊ እንዲኖሩ እፈልጋለሁ። ምሩቃኖቻችን በከተማ ትልልቅ አጥቢያዎች ለመቅረት የሚፈልጉት ሌላ የአገልግሎት መልክ በክብር ቦታ ላይ ተቀምጦ አይተው ስለማያውቁ ጭምር ነው።

መጋቢ፣ ከአዲስ አበባ፦

የገጠሩን ወንጌላዊ በተመለከተ አንድ ስጋት አለኝ። ለአንድ ቀን አምጥተን፣ አልቅሰንላቸው፣ ፎቶ አንሥተን ወደነበሩበት ኑሮ ከመለስናቸው እርሳቸውንም እንደ ጌጥ ተጠቀምንባቸው ማለት ነው። ልናከብራቸው ከፈለግን በመጀመሪያ የጡረታቸውን ነገር ቤተ ክርስቲያን ታስብ።

በዋናው ጉዳይ ላይ እዚህ ደርሻለሁ። የስንብቱ ቃልና ጸሎቱ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ይሁን፤ የምሩቃን ተወካይ ንግግርም ለማንም እንግዳ ተብሎ አይሰረዝ። በእነዚህ ሁለቱ ከመነሻ ጸሐፊው ጋር ነኝ፤ የአብነት ትምህርት ቤት ወንድማችን የነገሩን ቅደም ተከተልም ለእኛ የሚሆን ነው። ባለሥልጣን ከሰላምታ ያለፈ ምንም አይናገር በሚለው ግን አሁንም አልስማማም። አንድ የጤና ሚኒስትር ስለ ወረርሽኝ፣ አንድ የከተማ ከንቲባ ስለ ጎዳና ልጆች ለወጣት አገልጋዮች በዝርዝር ቢናገር እኔ በደስታ እሰማለሁ። ይህን የሚከለክል መመሪያ ቢወጣ በቦርዱ ውስጥ ድምፄን በተቃውሞ እሰጣለሁ።

የሕግ ባለሙያ፦

መጋቢ ያሉት ዓይነት ንግግር በምረቃው ቀን ሳይሆን በትምህርት ዓመቱ ውስጥ ተማሪዎች ጥያቄ መጠየቅ በሚችሉበት ጉባኤ ቢደረግስ? በምረቃ መድረክ ላይ ጥያቄ አይጠየቅም፣ መልስም አይሰጥም፤ ሰሚው የሚያደርገው ማጨብጨብ ብቻ ነው። ከንቲባው በእርግጥ ስለ ጎዳና ልጆች ሊወያዩ ከመጡ፣ ሁለት ሰዓት ከተማሪዎች ጋር መቀመጥን ከአጭር ንግግር ይመርጣሉ።

የዘንድሮ ምሩቅ፦

በዚህ እስማማለሁ፤ እኛም በክፍል ውስጥ ብንጠይቃቸው ብዙ የምንጠይቃቸው ነበረን። ለመመሪያው ረቂቅ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ የምሩቃን ተወካይ ንግግር ከእንግዳው ሰላምታ በፊት ይሁን። እንግዳው ዘግይቶ ቢመጣ እንኳን ንግግሩ ተነግሮ ያለቀ ይሆናል። ከመነገሩ በፊትም ለማንም ቀርቦ እንዲታረም አይጠየቅ።

የመነሻ ጸሐፊ፦

የመጨረሻው ነጥብ፣ ማለትም የተወካዩ ንግግር አስቀድሞ ይታይ ወይስ አይታይ የሚለው፣ ራሱን የቻለ ክርክር ስለሚያስነሣ በረቂቁ ላይ ክፍት አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። የመጋቢም ተቃውሞ በራሳቸው አገላለጽ ከረቂቁ ጋር ተያይዞ ለቦርዱ ይቀርባል። በቦርድ ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች የቀረውን እዚያው ቀጥሉት።